ሦስተኛው ክር

ይህን ነገር እስከዚያች ጠዋት ድረስ በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም ነበር። ያን ጠዋትም ቢሆን የተናገርኩት ግማሹን ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ አፌ በውሃ ስለተሞላ ሳይወጣ ቀረ። ውሃው አፌ ውስጥ እንዴት እንደገባ በቦታው እነግራችኋለሁ። ከዚያ ወዲህ ቀሪውን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ስሜን ሲጠሩኝ እንኳ አንገቴን የምደፋ፣ ሰው ፊት ቆሞ መናገር የሚያስጨንቀኝ ሴት ስለሆንኩ ዝም አልኩ። አሁን ጠጉሬ ሸብቷል። ብዕር ደግሞ አያፍርም። ስለዚህ ሁለቱንም ግማሽ እጽፈዋለሁ።

የአገራችን ዋና ከተማ በዓለት ላይ የተቀመጠች ነበረች፤ ዙሪያዋን ግን ረግረግ ከቧታል። ረግረጉ ላይ ላዩን ሣር ነው፤ ከብት አይቶ ይጎመጃል። ከሣሩ በታች ጭቃ አለ። ከጭቃው በታች ምን እንዳለ ወርዶ ተመልሶ የነገረን የለም። ክረምት በመጣ ቁጥር ጠንካራው መሬት ቦታውን ይቀይራል፤ አምና ሰው የተሻገረበት ዘንድሮ በሬ ይውጣል።

በረግረጉ ዳር ለንዛ የሚባሉ ሰዎች ይኖሩ ነበር። ሥራቸው መቅደም ነው። ለንዛ ረጅም የሸምበቆ ዘንግ ይዞ፣ ጫማ ሳያደርግ፣ ከመንገደኛው ፊት ይሄዳል። መጀመሪያ በዘንጉ መሬቱን ይነካል፤ ቀጥሎ በእግሩ አውራ ጣት ይነካል፤ መሬቱ እሺ ያለው ሲመስለው ብቻ ክብደቱን ይጥላል። መንገደኛው ዱካውን እየረገጠ ይከተላል። ነጋዴውም፣ ሙሽራዋም፣ ንጉሡም እንዲሁ ይገቡና ይወጡ ነበር። በቃል ቤት ባለው አሮጌ ሰሌዳ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ "ለንዛ፦ ቀድሞ የሚረግጥ። መሬቱ እስኪታመን ክብደቱን የማይጥል።" ሰርግ ላይ ሽማግሌዎች ሙሽራዋን ሲመርቁ "በሄድሽበት ሁሉ ለንዛ ይቅደምሽ" ይሉ ነበር።

እኔ ልጅ ሳለሁ ንጉሡ በረግረጉ ላይ የድንጋይ ጎዳና አስነጠፉ። ጎዳናው እንደ ክር የተወጠረ ነበር። ሰው ሁሉ ያለ መሪ መሻገር ጀመረ፤ ለንዛዎች ሥራ ፈቱ። ሥራ የፈታ ሰው ስሙም ሥራ ይፈታል፤ ሥራ የፈታን ስም ደግሞ ያገኘው ሁሉ እንደፈለገ ያዝዘዋል።

መጀመሪያ ቃሉ በበቅሎ ላይ ወረደ። አንዲት በቅሎ በየእርምጃዋ እየቆመች ስታስቸግር ባለቤቷ "ሂጂ፣ አንቺ ለንዛ!" አላት። ከበቅሎዋ ወደሚዘገይ ልጅ ተሻገረ። ከልጁ ጭቃ ወደነካው የቀሚስ ጠርዝ፣ ከቀሚሱ ወዳልቦካ ሊጥ ሄደ። በመጨረሻ በሸንጎ "ይህ ነገር ቢጠና ምን ይመስላችኋል?" ያለ ሰው ሁሉ "ለንዛ አትሁን!" ይባል ጀመር። ይህን ሁሉ ያደረገው አንድ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይዘን እንቀጣው ነበር። ግን እያንዳንዱ ሰው ጥቂት ጥቂት ነው የገፋው።

አሁን ስለ ቃል ቤት ልናገር።

በአገራችን እያንዳንዱ ቃል በእንጨት ሰሌዳ ላይ ከነፍቺው ተጽፎ በቃል ቤት ግድግዳ ይሰቀላል። ጆሮዎች የሚባሉ ሹማምንት በየገበያው፣ በየወፍጮ ቤቱ፣ በየልብስ ማጠቢያው ተቀምጠው ሰው የሚለውን ያዳምጣሉ። የግራ ጆሯቸውን በሰም ይደፍናሉ፤ በቀኝ የገባው በግራ እንዳይፈስ ነው። አንድ ሰው ቃልን በአዲስ ፍቺ ሲናገር የሰማ ጆሮ ተናጋሪውን ወደ ቃል ቤት ይወስደዋል፤ ተናጋሪውም በገዛ እጁ በሰሌዳው ቀዳዳ ቀይ ክር ያስራል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ክር ከሞላ አዲሱ ፍቺ ይጸድቃል። ካልሞላ ዓመቱ ሲያልቅ ክሮቹ ተቆርጠው ቃሉ እንደነበረ ይቀጥላል።

ንጉሡ ደግ ነበሩ፤ ችግሩ የመጣው ከዚያ ነው። "በአገሬ ሰው አይሰደብ" ብለው አወጁ። ስለዚህ ፍቺው ስድብ ሆኖ የጸደቀ ቃል ሰሌዳው ፊቱን ወደ ግድግዳ ይዞራል። ከዚያ በኋላ ቃሉን የተናገረ ሰው አፉን በውሃ ሞልቶ፣ ከጠዋቱ ደወል እስከ ቀትሩ ደወል፣ በገበያው በር ይቆማል። ከዋጠ ወይም ካፈሰሰ አፉ እንደገና ይሞላል። ራሰ በራ የሚለው ቃል አንድ ሹም ተከፍተው ከዞረ ወዲህ እሳቸውን የመሰሉ ሁሉ በመዝገብ ላይ "ግንባራቸው የሰፋ" ይባሉ ነበር።

እኔ ትርንጎ፣ የእመት አልጋነሽ ልጅ፣ ለንዛ ነኝ። በልጅነቴ ወደ ከተማ ተልኬ ተማርኩ፤ ጽሕፈቴ ስላማረ በቃል ቤት ጸሐፊ ሆንኩ። ከየት እንደመጣሁ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም አልተናገርኩም። እግሬ ግን ይናገር ነበር። ለንዛ በድንጋይ ወለል ላይ እንኳ በአውራ ጣቱ ሳይነካ አይረግጥም። ተረከዜን ማስቀደም ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ሁለት ክር ለንዛ በሚለው ሰሌዳ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ አንዱ የባለበቅሎው፣ አንዱ የአንዲት ዳቦ ጋጋሪ። ዓመቱ ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶታል። እኔ በየጠዋቱ በሰሌዳው አጠገብ ሳልፍ ቀን እቆጥር ነበር። አራት ቀን ብቻ።

በዚያ ቀን በቃል ቤት ደጃፍ ከጸሐፊዎች ጋር ቆሜ ነበር። ይርዳው የሚባል ቀልደኛ ባልደረባዬ የሆነ ነገር ሲያወራ ሁላችን እንስቃለን። በመካከሉ ቀና ብሎ አየና፣

"ትርንጎ፣ ያቺ ሴትዮ አንቺን የምታይ ይመስለኛል። ማን ናት?" አለኝ።

ዘወር አልኩ። እናቴ ነበረች። ዘንጓን ይዛለች፤ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። በድንጋዩ ጎዳና መሄድ አትወድም ነበር። በቅጠል የተጠቀለለ ነገር አቅፋለች፤ ሽታው ከሩቅ ይታወቀኛል፤ የደረቀ ዓሣ ነው። ሁሉም እኔን ያዩ ጀመር።

"እኔ ምን አውቄ!" አልኩ። ድምፄ ከወትሮው ይበልጥ ጮኸ። "አንዲት ጭቃ የለበሰች ለንዛ ናት!"

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

እናቴ ጥቅሉን በደረጃው ጫፍ ላይ አስቀመጠች፤ ቅጠሉን አስተካከለችው፤ ዞራም ሄደች። መሬቱን እየነካች ነው የሄደችው።

የጆሮዎች ሹም አቶ ቸኮል በበሩ ተደግፈው ቆመው ነበር። ቀኝ ጆሯቸው ወደ እኛ ነበረ። ቀስ ብለው መጡና፣

"ልጄ፣ ቃሉን በየትኛው ፍቺ ነው የተናገርሽው? በአሮጌው ከሆነ ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ። በአዲሱ ከሆነ ክር አለብሽ" አሉኝ።

በአሮጌው ብል ምንም አልነበረም። ነገር ግን ይርዳውም ሌሎቹም እየሰሙ ነው፤ በአሮጌው ያለ ሰው ለንዛዎችን የሚያውቅ ሰው ነው።

"በአዲሱ" አልኩ።

በእጄ አሰርኩት። ጸሐፊ ስለሆንኩ አዲሱን ፍቺም የጻፍኩት እኔ ነኝ፦ "ለንዛ፦ ዘገምተኛ፤ ጭቃ፤ የሚፈራ።" በጣም አምሮ የተጻፈ ነበር፤ አለቃዬ ለተማሪዎች አሳየው። ከዚያ ሰሌዳው ወደ ግድግዳ ዞረ። ግማሹ ምስጢሬ ይህ ነው፤ ክሩ የማን እንደሆነ ሁሉ ያውቃል፣ ለማን እንደተነገረ ግን ማንም አያውቅም።

ሰዎቹ ስም አልባ አይቀሩምና ጉባኤ ተቀምጦ "የተከበሩ የረግረግ ዳር ነዋሪዎች" ብሎ ሰየማቸው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሴቶች በገበያ ሲጣሉ "ወግጂ፣ አንቺ የተከበርሽ!" መባባል ጀመሩ። ያልቦካ ሊጥ "የተከበረ ሊጥ" ተባለ። ጆሮዎች በሦስት ቀን ሦስት ክር አመጡ፤ "የተከበሩ" የሚለው ቃል ወደ ግድግዳ ዞረ። በዚህ ምክንያት ሚኒስትሮቹ ደብዳቤ ላይ ምን ተብለው እንደሚጠሩ ጠፍቶ አንድ ክረምት ሙሉ ደብዳቤ ሳይጻፍ ቀረ። ጉባኤው እንደገና ተቀምጦ "የእርጥበታማ አካባቢ ነባር ወገኖች" አለ። እኔ ሁሉንም አሳምሬ ጻፍኩ።

ክሩን ካሰርኩ በአሥረኛው ዓመት ጎዳናው መስመጥ ጀመረ። መጀመሪያ አንድ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ሦስት፣ ቀጥሎ ከነጋዴ ጋር አንድ አህያ። በክረምቱ መጨረሻ መሃሉ ጭራሽ ጠፋ። ወደ ከተማ ጨው መግባት ቆመ። ቀድሞ የሚረግጥ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ግን እንዴት ተብሎ ይጠራ? አዋጅ ነጋሪው አደባባይ ላይ ቆሞ፣

"ስማ! ስማ! እነዚያ... እናንተ ታውቋቸዋላችሁ... ዘንግ የሚይዙት... ንጉሡ ይፈልጓችኋል!" ብሎ ጮኸ።

በሦስት ቀን ውስጥ የመጡት ስምንት እረኞች፣ አምስት ሽማግሌዎችና አንድ ከበሮ መቺ ነበሩ።

በአራተኛው ሳምንት ግን አርባ ጨው ተሸካሚዎች በረግረጉ መሃል ተራ በተራ ሲመጡ ከቅጥሩ ላይ ታዩ። ከፊታቸው አንዲት አሮጊት ትሄዳለች። ሕዝቡ በር ላይ ወጥቶ እልል አለ። በረኛው መዝገቡን ገልጦ እንደ ደንቡ ጠየቃት፣

"ማን ነሽ?"

"ለንዛ ነኝ" አለች እናቴ።

እልልታው ቆመ። በረኛው ጆሮውን በመዳፉ ደፈነ። እናቴ ያን ቀን እስከ ቀትር አፏን ውሃ ሞልታ ቆመች። በሳምንቱ ደግሞ አርባ ተሸካሚዎች ይዛ መጣች። "ማን ነሽ?" "ለንዛ ነኝ።" ውሃ። በሦስተኛው ሳምንት እንደዚያው። ሦስት ጊዜ የተሳደበ ሰው ለፍርድ ይቀርባል።

የችሎቱ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ተራዬ ነበር።

ለአሥራ አንድ ዓመት አላየኋትም። ጉንጯ ገብቷል፤ ዘንጓ ግን ያው ነው። በገባች ጊዜ አንድ ጊዜ አየችኝ፤ ከዚያ ወዲያ ዓይኗን ወደ ዳኛው መለሰች።

የስድብ ክስ የሚያዩት የአፍ ዳኛው በጣም ትሑት ሰው ነበሩ። በዚያ ችሎት ከእርስዎ በቀር አንተም አንቺም አይባልም።

"እመት አልጋነሽ፣ በስድብ ተከሰዋል። ተሳዳቢዋ ማን እንደሆነች ያውቃሉ?"

"እኔ ነኝ አሉ።"

"ተሰዳቢዋስ?"

"እሷም እኔ ነኝ አሉ።"

"እንግዲህ ነገሩ በእርቅ ቢያልቅ ፍርድ ቤቱ ደስ ይለዋል። ተበዳይዋን ይቅርታ ይጠይቁ።"

"ማንን?"

"ራስዎን።"

"ጌታዬ፣ አላስቀየመችኝም" አለች።

ከኋላ የተቀመጡት ተሸካሚዎች ሳቁ። ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ።

"ተበዳይዋ ይቅር ብትልም ሕጉ ይቅር አይልም! ለምን 'የእርጥበታማ አካባቢ ነባር ወገን ነኝ' አይሉም? ምን ይጎድልብዎታል?"

"ጌታዬ፣ ረግረግ መሃል አንድ ሰው መስመጥ ሲጀምር 'ለንዛ!' ብሎ ይጮሃል። እርስዎ ያሉትን ብሎ እስኪጨርስ ጭቃው አንገቱ ጋ ይደርሳል።"

ተሸካሚዎቹ ዳግመኛ ሳቁ። ዳኛው ግን አልሳቁም። ፍርዱን ተናገሩ፤ እኔ ጻፍኩ። እመት አልጋነሽ እስከ ነገ ጠዋት ደወል ድረስ ስለ ራሳቸውና ስለ መንደራቸው ሁሉ አዲሱን ስም ተቀብለው የጣት አሻራ ያኑሩ። እምቢ ካሉ ዘንጋቸው ተሰብሮ ከድንበሩ ድንጋይ ወዲያ ይሸኙ፤ ዳግመኛም አይመለሱ።

"ዋስ የሚሆንዎት ሰው አለ? ልጅ የለዎትም?" አሉ ዳኛው።

ብዕሬ ቆመ።

"አለችኝ" አለች እናቴ። "ግን አልጠራትም። መንገድ ላይ ናት።"

"መንገድ ላይ" ብዬ ጻፍኩ።

እንደ ደንቡ ጸሐፊ የጻፈውን ለተከሳሽ ማንበብ አለበት። ከሰዓት በኋላ መዝገቡን ይዤ እስረኞች ወደሚቆዩበት ግቢ ሄድኩ። እናቴ በግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጣ እግሯን ዘርግታለች። ጠባቂው ራቅ ብሎ ያንቀላፋል። ከፊቷ ተቀመጥኩ። መዝገቡን ገለጥኩ።

"ዓሣውን በላሽው?" አለችኝ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ጥያቄ ይህ አልነበረም።

"አልበላሁትም፣ እማዬ። ደረጃው ላይ ተውኩት። ድመት በላችው።"

"ደግ አደረገች። ከስታ ነበር፤ ስመጣ አይቻታለሁ።"

"እማዬ፣ ያን ቀን ያልኩትን—"

"ሰምቼሻለሁ። ጆሮዬን በሰም አልደፍንም።"

"ሦስተኛው ክር የኔ ነው። ቃሉን ያዞርኩት እኔ ነኝ። አንቺን ዛሬ እዚህ ያስቀመጥኩሽ እኔ ነኝ።" ይህን ስናገር መዝገቡን ነበር የማየው።

እናቴ መዝገቡን ከእጄ ወስዳ አጠፈችው። ማንበብ አትችልም፤ ግን አጣጠፏ እንደ ጸሐፊ ነበር።

"ልጅ ሳለሽ ምን አስተማርኩሽ? ከኋላሽ ያለ ሰው ረግረግ መሃል ፈርቶ ቢቆም ምን ታደርጊያለሽ?"

"አልገፋውም።"

"ለምን?"

"ከተገፋ ይሰምጣል።"

"ብትጎትቺውስ?"

"ከተጎተተም ይሰምጣል። ጥቂት እርምጃ እቀድምና ዞሬ እቆማለሁ። የረገጥኩበትን እንዲያይ።"

"እንግዲያውስ" አለች።

"አሥራ አንድ ዓመት፣ እማዬ?"

"እግሬ መቆም ለምዷል።" ሳቀች፤ ጥርሷ ሁለት ጎድሎ ነበር። ቀጥላም፣ "አሁን አንብቢልኝ። እንዴት እንዳማረ ልስማው። ጽሕፈትሽ ቆንጆ ነው ይሉኛል" አለች።

አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። ስጨርስ፣

"በቃል ቤት ሕግ አንድ አንቀጽ አለ" አልኳት። "ክር ያሰረ ሰው ክሩን መፍታት ይችላል። ከተፈታ ሦስቱ ስለማይሞላ ፍቺው ይፈርሳል። ያደረገው ሰው ግን የለም። በሕዝብ ፊት ጮክ ብሎ መናገር አለበት። ሥራውንም ይለቃል።"

እናቴ ፍቺም አትፍቺም አላለችኝም። ከጎኗ ያለውን ዘንግ አንስታ ጫፉን ፈተሸች።

በማግስቱ ጠዋት ጫማዬን በደረጃው ጫፍ፣ ያኔ ዓሣው በነበረበት ቦታ አወለቅሁ። የቃል ቤትን ወለል በአውራ ጣቴ ነካሁት። ቀዝቃዛ ነበር። ክብደቴን ጣልኩበት።

ደወሉ ሲመታ አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ፍርዱ የሚፈጸመው እዚያ ነበርና። እናቴ በሁለት ጠባቂዎች መካከል ቆማለች፤ ዘንጓን የሚሰብረው ሰው እጅጌውን ሰብስቧል። የአፍ ዳኛው የአሻራውን ወረቀት ይዘዋል። እኔ ወደ አቶ ቸኮል ሄድኩ፣

"ጌታዬ፣ ክር ልፈታ መጥቻለሁ" አልኩ።

"ምን?" አሉ።

"ክር ልፈታ።"

አቶ ቸኮል የሕጉን መጽሐፍ አስመጡ። ይርዳው አነበበላቸው። ሕጉ በቀኝ ጆሮ የገባ ቃል ሊመለስ የሚችለው በግራ ጆሮ በኩል ብቻ ነው ይላል። ስለዚህ ሰሙ መውጣት ነበረበት። ሰሙ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት የቆየ ነው። ዘይት አሙቀው ጨመሩበት፤ በላባ ነካኩት፤ ይርዳው በቁልፍ ጫፍ ሲሞክር አቶ ቸኮል "ወይኔ፣ ገደልከኝ!" አሉ። ግማሹ ወጣ። ግማሹ እምቢ አለ።

"በቃ፣ በቀረው ቀዳዳ ተናገሪ" አሉኝ። "ግን ጮክ በይ፣ ልጄ! ጮክ ካላልሽ አይገባም!"

በሕይወቴ ጮኼ አላውቅም። እልፍኝ ውስጥ ጊንጥ ባይ እንኳ በሹክሹክታ ነው የምጣራው።

"ሦስተኛውን ክር ያሰርኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

"ምን አለች?"

"ሦስተኛውን ክር ያሰርኩት እኔ ነኝ!"

"የየትኛው ቃል?"

"ለንዛ የሚለው!"

የተቀጪዎችን አፍ የሚሞላው ውሃ ቀጂ ሹም ጽዋውን ይዞ ብድግ አለ። ቃሉ ተነገረ። ጊዜ እንደሌለኝ ገባኝ።

"እኔም ለንዛ ነኝ!" ብዬ ጮኽኩ። የገዛ ድምፄ ከግድግዳው ተመልሶ መታኝ። "በረግረግ ዳር ነው የተወለድኩት! ያን ቀን ቃሉን የተናገርኩትም በገዛ—"

ጽዋው ደረሰ። አፌ ሞላ። "እናቴ" የሚለው ቃል ከውሃው በታች ቀረ።

አቶ ቸኮል መጽሐፉን አገላበጡ። "ሕጉ ለማን እንደተነገረም ይናገር ይላል። አልጨረሰችም። ማን ሰማ?"

"እኔ ሰምቻለሁ" አለች እናቴ ከጠባቂዎቹ መካከል።

"ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ?"

"ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ይበቃኛል።"

ሕጉ አንድ ሰሚ ካለ ይበቃል ይላል። የአፍ ዳኛው የአሻራውን ወረቀት አጠፉት።

ወደ ሰሌዳው ሄድኩ። ክሩ በአቧራና በዕድሜ ደርቋል። በጥርሴ እንዳልፈታው አፌ ውሃ ይዟል። በጥፍሬ ጀመርኩ። አንዱ ጥፍሬ ተሰበረ። ይርዳው ሰሌዳውን እንዳይወዛወዝ በሁለት እጁ ያዘልኝ፤ ያን ቀን የሳቀው ይርዳው። ክሩ ተፈታ።

ሰሌዳው ሲዞር ተረኛ ጸሐፊ ማንበብ አለበት። ይርዳው አቧራውን በእጅጌው ጠረገ፤ የኔን አዲስ ፍቺ በጣቱ ሸፈነና አሮጌውን አነበበ፦

"ለንዛ፦ ቀድሞ የሚረግጥ። መሬቱ እስኪታመን ክብደቱን የማይጥል።"

አቶ ቸኮል ግራ ጆሯቸውን ይዘው ዙሪያቸውን ያያሉ። "ይህ ሁሉ ድምፅ ከየት መጣ? እርግብ አለ እንዴ እዚህ?" ይላሉ። እርግቦቹ ጣራው ላይ ከድሮ ጀምረው ነበሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ አቶ ቸኮል ጆሯቸውን አልደፈኑም፤ ሹመታቸውን ግን አልተዉም፤ ይህን ደግሞ እኔ ከመናገር በቀር ምን አደርጋለሁ።

እናቴ የውሃ ቅጣቷን አስቀድማ ፈጽማለች፤ አዲስ ስም መቀበልም አላስፈለጋትም፤ ስለዚህ ጠባቂዎቿን አሰናበቷቸው፤ ዘንጓን መለሱላት። የኔ ቅጣት ግን አልቀረም፤ ስናገር ቃሉ ገና ግድግዳ እያየ ነበር። በገበያው በር ቆምኩ። ሰው እየመጣ ያየኛል። አንዳንዱ ራሱን ይነቀንቃል። አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ከፊቴ ቆማ ብዙ አየችኝና ከመሶቧ አንድ ዳቦ አውጥታ በእጄ አስያዘችኝ፤ ወደ ቃል ቤትም አቀናች። ያኔ ክር ያሰረችው ትሁን ሌላ፣ በጊዜው አላወቅሁም። ማታ ሰሌዳው ላይ የቀረው አንድ ክር ብቻ እንደነበር ሰማሁ። እሱ የባለበቅሎው ነው፤ አንዴ የጸደቀን ክር ደግሞ ካሰረው ሰው በቀር የሚነካው የለም፤ ባለበቅሎው ሞቷል፤ ክሩ ዛሬም አለ።

ከበሩ ማዶ አርባዎቹ ተሸካሚዎች ባዶ ጆንያቸውን ይዘው በረግረጉ ዳር ተሰልፈው ነበር። ሽማግሌ አይደሉም፤ ብዙዎቹ በልጅነታቸው "ለንዛ አትሁን" እየተባሉ ያደጉ ናቸው። አንዱ፣ ድምፁ ሻካራ የሆነ፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ፦

"እማማ ለንዛ! ቅደሚን እንጂ! መሽቶብን እንደር እንዴ?"

ስድብ አልነበረበትም። የሚፈልጋትን ሰው የጠራ ሰው ድምፅ ነበር። ሳቄ መጣ፤ ውሃው ፈሰሰ። ውሃ ቀጂው ሹም አዝኖ ጽዋውን እንደገና ሞላልኝ፤ እኔ አላዘንኩም።

የቀትሩ ደወል ሲመታ ውሃውን መሬት ላይ ተፋሁና በባዶ እግሬ ወደ ረግረጉ ሄድኩ። እናቴ አርባዎቹን ይዛ ጥቂት እርምጃ ገብታለች። ቆማለች። ፊቷ ወደ ከተማው ነው። ለምን እንደቆመች ተሸካሚዎቹ አያውቁም፤ ያጉረመርማሉ።

ከሰልፉ መጨረሻ ሕፃን ያዘለች አንዲት ነጋዴ አለች፤ ፈርታ እግሯን ማንሳት አቅቷታል። ከፊቷ ያሉት ርቀዋታል፤ ዱካቸውም ውሃ ሞልቶ ጠፍቷል።

አልገፋኋትም። በአጠገቧ አልፌ ጭቃውን በአውራ ጣቴ ነካሁት። ከልጅነቴ ወዲህ ነክቼው አላውቅም ነበር፤ እግሬ ግን አልረሳም። ቀስ ብዬ ክብደቴን ጣልኩ፤ ያዘኝ። ጥቂት ቀድሜ ዞሬ ቆምኩና፣ ሳላፍር፣ ሳልጮህም፣

"አይዞሽ፣ እህቴ" አልኳት። "ለንዛ ነኝ። የኔን እግር ተከትለሽ ርገጪ።"